«ሄዳለች» ለማለት፦ «መሄድ»ን በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ እንዴት እንደያዝኩት

«ሺ ኢዝ ጎን» አልኳት በስልክ። ከወዲያ በኩል ድምፅ ጠፋ።

የምሠራው በካናዳ ኩቤክ ክፍለ ሀገር፣ ሞንትሪያል ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። አዛውንቶችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። ያን ቀን ጠዋት ነርሷ ሌላ ክፍል ስለነበረች ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። የደወለችው እናቷ እኛ ጋ የሚኖሩ፣ እሷ ግን ቶሮንቶ ያለች ሴት ናት። እናቴ አሉ ወይ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። እሳቸው በዚያ ሰዓት ፀጉራቸውን ሊሠሩ ታችኛው ፎቅ ወርደዋል። በአማርኛ ቢሆን «የሉም፣ ሄደዋል» ብዬ እገላገል ነበር። ያንኑ ገለበጥኩት።

ዝምታው ረዘመ። ከዚያ ለቅሶ ሰማሁ። ልጅቷ እናቷ ያረፉ መስሏታል። ነገሩ ሲገባኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። «ፀጉር ቤት ናቸው! ደኅና ናቸው!» እያልኩ ባገኘሁት ቃል ሁሉ አስረዳኋት። እሳቸውን ራሳቸውን አምጥቼ እስካገናኛት ድረስ አላመነችኝም። አልፈርድባትም። እኛስ «ጥለውን ሄዱ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ። ፈተና ላይ ተሳስቼው አላውቅም። ግን በዚሁ ግሥ የሰው ልጅ አስለቀስኩ። ሠንጠረዡን ማወቅና ግሡን ማወቅ ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ይህን የምጽፈው እንግሊዝኛችሁን ይዛችሁ ፈረንሳይኛ ለምትጀምሩ ነው። ኩቤክም ሁኑ፣ ቤልጅየም፣ ስዊስ ወይም ፈረንሳይ፣ መጀመሪያ የሚገጥማችሁ ይኸው «መሄድ» ነው።

ከእንግሊዝኛው ልጀምር። ‹ጎ› እና ‹ዌንት› ለምን አይመሳሰሉም? መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በአንድ ደቂቃ የሚነገር ነገር ነበር፤ ትምህርት ቤት ሳለሁ የነገረኝ ግን አልነበረም። ‹ዌንት› የ‹ጎ› ልጅ አይደለም። ‹ዌንድ› የሚባል ሌላ ግሥ ነበር፤ መዞር፣ መንገድ ይዞ መጓዝ ማለት ነው። ‹ሴንድ› ሲያልፍ ‹ሴንት› ይላል፣ ‹ስፔንድ› ሲያልፍ ‹ስፔንት› ይላል። ‹ዌንድ›ም እንዲሁ ‹ዌንት› ይል ነበር። ‹ጎ› በጥንቱ እንግሊዝኛ ‹ኤዮዴ› የሚባል ኃላፊ ጊዜ ነበረው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ያ ቃል ወጥቶ ‹ዌንት› ቦታውን ያዘ። ይህን ካወቅኩ በኋላ ‹ዌንት› እንግዳ መሆኑ ቀረብኝ። ጎረቤት ቤት ገብቶ የቀረ ሰው ነው።

እንግሊዝኛው ላይ ሁለት ቦታ ነው የምንደናቀፈው። አንዱ «አይ ዲድንት ዌንት» የሚለው ነው። ከአበሻ አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እኔም ብዬዋለሁ። የሚመጣው ከሰነፍ ተማሪ ሳይሆን ከአማርኛ ነው። «አልሄድኩም» ስንል «ሄድኩ» የሚለው እንዳለ ነው። ከፊቱ «አል»፣ ከኋላው «ም» ጨመርንበት እንጂ ያለፈው ጊዜ ከግሡ ላይ አልተነሣም። ስለዚህ «ዲድንት ዌንት» ለእኛ ጆሮ ልክ ይመጣል። እንግሊዝኛ ግን ያለፈውን ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሸክመው። ‹ዲድ› ከተሸከመው ‹ጎ› እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። «ዲድ ዩ ጎ?»፣ «አይ ዲድንት ጎ»። ሸክሙ ማን ላይ እንዳለ እያያችሁ ተናገሩ፤ በሁለት ሳምንት ይለቃችኋል።

ሁለተኛው ‹ጎን› እና ‹ቢን› ናቸው። እዚህ ላይ አማርኛ በጣም ይረዳል። «ላሊበላ ሄጄ አውቃለሁ» ካላችሁ «አይ ሃቭ ቢን ቱ ላሊበላ» ነው። ሄዳችኋል፣ ተመልሳችኋል። «ላሊበላ ሄዷል» ካላችሁ «ሂ ሃዝ ጎን ቱ ላሊበላ» ነው። እዚያው ነው፣ አልተመለሰም። ‹ሄጄ አውቃለሁ› ሲሆን ‹ቢን›፣ ‹ሄዷል› ሲሆን ‹ጎን›። ይህቺን ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ይበቃኛል። «የት ሄደህ ነው?» ብለን የጠፋን ሰው ስንወቅስም በ‹ቢን› ነው፤ «ዌር ሃቭ ዩ ቢን?»።

እኔ በስልክ ያልኩት ‹ሃዝ ጎን› እንኳ አይደለም። ‹ኢዝ ጎን› ነው ያልኩት፤ ቦታም አልጨመርኩበት። እንዲያ ሲባል የሄደችበት ቦታ አይታይም፤ የሚታየው የቀረው ባዶ ወንበር ነው። ማለት የነበረብኝ «ሺ ሃዝ ጎን ዳውን ቱ ዘ ሄርድሬሰር፤ ሺ ዊል ቢ ባክ አት ኢለቨን» ነበር። የት እንደሄዱና መቼ እንደሚመለሱ። ዛሬ ስልክ ሳነሣ እነዚህን ሁለቱን ሳልናገር አላልፍም፣ በየትኛውም ቋንቋ።

ወደ ፈረንሳይኛው ልግባ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

እዚህ ለስደተኛ የፈረንሳይኛ ትምህርት በነጻ ይሰጣል። ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ተማርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት መምህሯ ሰሌዳው ላይ «ዠ ቬ አ ላ ጋር» ብላ ጻፈች። «ወደ ባቡር ጣቢያ እሄዳለሁ» ማለት ነው። ‹ላ ጋር› ስትል ልቤ ዘለለ። ለገሃር! ስንት ዓመት በለገሃር በኩል ስመላለስ ስሙ ፈረንሳይኛ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር የፈረንሳዮች ሥራ ነበር፤ ጣቢያውም በነሱ ቋንቋ ተጠርቶ ቀረ። ድሬዳዋ ያደገው አያቴም ትዝ አለኝ። ጠዋት ሲቀሰቅሰን «አሌ! አሌ!» ይል ነበር። የሱ የራሱ ቃል ይመስለን ነበር። ያ ‹አሌ› ይኸው የ«መሄድ» ግሥ ነው። «በሉ እንጂ፣ ቶሎ» ማለቱ ነበር።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። መምህሯ ስድስቱን ደረደረች። ዠ ቬ፣ ቱ ቫ፣ ኢል ቫ፣ ኑ ዛሎን፣ ቩ ዛሌ፣ ኢል ቮን። እሄዳለሁ፣ ትሄዳለህ፣ ይሄዳል፣ እንሄዳለን፣ ትሄዳላችሁ፣ ይሄዳሉ። በአማርኛ ስድስቱም ላይ ‹ሄድ› አለ። በፈረንሳይኛው ‹ቬ› እና ‹አሎን› ምን ያገናኛቸዋል? የወደፊቱ ሲመጣ ደግሞ ባሰ። «ዢሬ» ሆነ። ከ‹ቬ›ም ከ‹አሎን›ም የሌለ ሦስተኛ ነገር። አንድ ወር ሙሉ «ኑ ቫሎን»፣ «ዣልሬ» እያልኩ የሌለ ቃል ስፈጥር ከረምኩ። ሠንጠረዡን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩ፣ አውቶቡስ ውስጥ ደገምኩ፤ አልያዝ አለኝ።

መፍትሔውን የሰጠችኝ ልጄ ናት። ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ስከትፍ ከመኝታ ክፍል «እማዬ፣ ምጪ!» ብላ ጮኸች።

«‹ነይ› ነው የሚባለው» አልኳት።

መጣችና በሩ ላይ ቆመች። «አትምጪ ትይኝ የለ?» አለችኝ።

ቢላዋውን አስቀመጥኩት። እውነቷን ነው። ሂጂ፣ አትሂጂ። ብይ፣ አትብዪ። ጠጪ፣ አትጠጪ። እንግዲህ «አትምጪ» ካለ «ምጪ» መኖር ነበረበት። የለም። ‹መጣ› ብለን፣ ‹ይመጣል› ብለን፣ ሰው ስንጠራ ግን ጨርሶ ሌላ ቃል እናነሣለን፤ ና፣ ነይ፣ ኑ። ይህ ከግእዙ ‹ነዓ፣ ንዒ፣ ንዑ› የመጣ ነው፤ ከ‹መጽአ› ጋር በሥር አይገናኝም። ስንከለክል «አትምጣ» ብለን ወደ ‹መጣ› እንመለሳለን። ትልቅ ሰው ስንጠራም «ይምጡ» ነው። አንድ «መምጣት» ውስጥ ሁለት ግሥ እየኖረ ማንኛችንም ልብ ብለነው አናውቅም። ማንም ሠንጠረዥ አላስጠናንም። «ና» ሲሉን መጣን፣ በቃ።

ሌላም አለ። ነው፣ ነበር፣ ይሆናል፣ አይደለም። አንዱ ከሌላው ምን ይመሳሰላል? ፈረንጅ አማርኛ ሲማር በዚህ ይሰቃያል። እኛ በእንቅልፍ ልባችን አንሳሳትም። በሁሉም ቋንቋ እንዲህ የሚያስቸግሩት ግሦች ሰው ከጠዋት እስከ ማታ የሚላቸው ናቸው። መሆን፣ መሄድ፣ መምጣት። ብዙ ስለሚባሉ ልጁ ከእናቱ አፍ እንዳሉ ይወስዳቸዋል። አልፎ አልፎ የሚባል ግሥ ግን ጠባዩ ይረሳና እንደ ሌሎቹ ይስተካከላል።

በማግስቱ ሠንጠረዡን ከማቀዝቀዣው ላይ አነሣሁት። አንድ የተሰባበረ ግሥ አድርጌ ማየቴን ተውኩ። ሦስት ሙሉ ግሦች በአንድ ግቢ የሚኖሩ አድርጌ ጻፍኳቸው።

የመጀመሪያው የ‹ቫ› ቤት ነው። ከላቲኑ ‹ቫዴሬ› የመጣ ነው። ውስጡ ያሉት ጥቂት ናቸው፤ ቬ፣ ቫ፣ ቫ፣ ቮን። አንድን ሰው «ሂድ» ስንልም ‹ቫ› ነው። ሌላ የለም። ‹ቮን› ደግሞ ጓደኞች አሉት። በአሁን ጊዜ የ«እነሱ» መልካቸው በ‹ኦን› ድምፅ የሚያልቅ አራት ግሦች ብቻ ናቸው፤ ኢል ሶን ናቸው፣ ኢል ዞን አላቸው፣ ኢል ፎን ያደርጋሉ፣ ኢል ቮን ይሄዳሉ። አራቱን እንደ ግጥም አንድ ላይ በሉት። ‹ሶን› እና ‹ዞን›ን ብቻ ጆሯችሁ ይለይ፤ አንዱ «ናቸው»፣ አንዱ «አላቸው» ነው።

ሁለተኛው የ‹ኢር› ቤት ነው። ላቲኑ ‹ኢሬ› ይለዋል፣ እሱም መሄድ ነው። የወደፊቱ በሙሉ እዚህ ነው ያለው። ዢሬ፣ ቱ ኢራ፣ ኢል ኢራ፣ ኑ ዚሮን፣ ቩ ዚሬ፣ ኢል ዚሮን። መጨረሻቸውን እዩት። የሌላው ግሥ የወደፊት መጨረሻ ነው፣ አንዲት ፊደል አልተለወጠም። «ብችል እሄድ ነበር» የሚለውም ከዚሁ ቤት ይወጣል።

የቀረው ሁሉ የ‹አል› ቤት ነው። አሎን፣ አሌ፣ ሲያልፍም ‹አሌ›፣ ስሙም ራሱ ‹አሌ›። ሊቃውንት ብዙዎቹ ከላቲኑ ‹አምቡላሬ› ጋር ያያይዙታል፤ በእግር መሄድ ማለት ነው። ይህም ቤት ሥርዓት አለው። ‹ፓርሌ›ን፣ መናገርን፣ የምታውቁ ከሆነ ‹አሎን› እንደ ‹ፓርሎን›፣ ‹ቩ ዛሌ› እንደ ‹ቩ ፓርሌ› ነው የሚረባው።

እንዲህ ሳስቀምጠው የሚያስፈራው ሁሉ ወደ አራት ቃል ወረደ። ቬ፣ ቫ፣ ቫ፣ ቮን። የቀሩት ሁለቱ ቤቶች ውስጣቸው የተስተካከለ ነው። በአንድ ቅዳሜ ያዝኩት፤ አንድ ወር ያልገባኝን።

ከዚያ ደግሞ መልኩን አውቄ አጠቃቀሙን የተሳሳትኩበት መጣ። አንድ ከሰዓት ነርሷ አንዲት እናት የት እንዳሉ ጠየቀችኝ። «ኤል ኤ ታሌ» አልኳት፤ «ሄደዋል» ለማለት። ዝም ብላ ታየኛለች። «ኡ?» አለችኝ። የት? ጨርሻለሁ ብዬ እኔም ቆምኩ። እሷ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ እየጠበቀች ነው።

ያስረዱኝ ከሄይቲ የመጡ፣ በዕድሜም በሥራም ታላቄ የሆኑ ባልደረባዬ ናቸው። «ልጄ፣ ይህ ግሥ ቦታውን ሳይዝ ከቤት አይወጣም» አሉኝ። እንደዚህ የተነገረኝ ሰዋስው አይረሳኝም። በአማርኛ «ሄደ» ብሎ ማቆም ይቻላል። በፈረንሳይኛ ወይ ቦታውን ትናገራላችሁ፣ ወይ ቦታው የታወቀ ከሆነ ‹ኢ› የምትባለዋን ትንሽ ቃል ታስገባላችሁ፤ «እዚያ» ማለት ነው። «ዢ ቬ» እሄዳለሁ። «ኦን ኒ ቫ» እንሂድ። «አሎን ዚ» ይህም እንሂድ። ለአንድ ሰው «ቫ ዚ» በል፣ ቀጥል። ‹ቫ› ብቻውን ትእዛዝ ሲሆን በጽሑፍ መጨረሻው ላይ ‹ኤስ› የለውም፣ ‹ኢ› ስትከተለው ግን ይመለሳል፤ ‹ዚ› ብሎ የሚሰማው እሱ ነው። ቦታውን መናገር ካልፈለጋችሁ ደግሞ ግሡን ቀይሩት። ‹ፓርቲር› አለ፤ «ኤል ኤ ፓርቲ» ወጥተዋል፣ ሄደዋል። እዚህ ላይ ግን እንደኔ እንዳትሆኑ። «ኤል ኤ ፓርቲ» ለቤተሰብ ሲነገር እንደ እንግሊዝኛው ማረፍንም ያሰማል። «ኤል ሳን ኔ ታሌ» የሚለውም እንዲሁ ነው። አረጋውያን ቤት ወይም ሆስፒታል የምትሠሩ፣ ቦታውን ተናገሩ። «ኤል ኤ ታሌ ሼ ለ ኳፈር»፣ ፀጉር ሠሪ ጋ ሄደዋል። ሰው አይደነግጥም።

እኚሁ ባልደረባዬ በክሪዮላቸው፣ በሄይቲው ቋንቋ፣ ይህ ሁሉ እንደሌለ ነገሩኝ። «ምዌን አሌ፣ ሊ አሌ፣ ኑ አሌ።» እኔም እሱም እኛም፣ ሁሉም ‹አሌ›። ላለፈው ‹ቴ› ከፊቱ ያስገባሉ፣ በቃ። ከሦስቱ ቤት አንዱን ብቻ ይዘው ሄዱ ማለት ነው። ሲነግሩኝ ቅናት ቢጤ ተሰማኝ።

እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሚወድቅበት ‹ዤ አሌ› ነው። «አይ ሃቭ ጎን» ያለ ሰው «ዤ አሌ» ማለቱ አይቀርም። ፈረንሳይኛ ግን «መሄድ»ን ያለፈ ሲያደርገው የሚረዳው ‹አለኝ› ሳይሆን ‹ነኝ› ነው። «ዠ ስዊ ዛሌ»፣ ሄድኩ። «ኑ ሶም ዛሌ»፣ ሄድን። ‹ነኝ› ስለሆነም ግሡ እንደ ቅጽል ይሆንና የሄደውን ሰው ይመስላል። ሴት ስለሆንኩ እኔ ስጽፍ መጨረሻው ላይ አንዲት ‹ኢ› (e) ፊደል እጨምራለሁ፤ ብዙ ከሆንን ‹ኤስ›። እኛ «ሄደ» እና «ሄደች»ን በጆሯችን እንለያለን። እዚህ ልዩነቱ ወረቀት ላይ ብቻ ነው፣ ሲነገር ያው ‹አሌ› ነው።

እንዲያውም የጽሑፉ መከራ እዚህ ነው። ‹አሌ› የሚለው አንድ ድምፅ ብዙ ዓይነት ይጻፋል። «መሄድ» ሲሆን አንድ፣ «ትሄዳላችሁ» ሲሆን ሌላ፣ «የሄደ» ሲሆን ሌላ። መምህሯ የሰጠችን ዘዴ ዛሬም ይሠራልኛል። ‹አሌ›ን አውጡና በቦታው ‹ፓርቲር›ን አስገቡ። አፋችሁ ‹ፓርቲር› ካለ «መሄድ» ነው፣ በ‹ኤር› ጻፉት። ‹ፓርቴ› ካለ የ‹ቩ› ነው፣ መጨረሻው ‹ዜድ› ነው። ‹ፓርቲ› ካለ ያለፈው ነው፣ ያኔ የሴት ነው የወንድ ነው የብዙ ነው ብላችሁ አስቡ። የኤሌክትሪክ ሒሳብ ክርክር ስጽፍም፣ ለልጄ ትምህርት ቤት መልእክት ስልክም፣ ከንፈሬ ‹ፓርቲ፣ ፓርቴ› ይላል።

‹ቩ› ካልኩ አይቀር፣ ለአበሻ ይህ ደስ የሚል ነገር ነው። «ኮማን ታሌ ቩ?» እንዴት ነዎት? ቃል በቃል «እንዴት ይሄዳሉ?» ነው። ለአዛውንት ‹ቩ› ማለት ለእኛ አይከብድም፤ ‹አንቱ› አለንና። የሚከብደን ተቃራኒው ነው። ኩቤክ ሰው ቶሎ ወደ ‹ቱ› ይወርዳል። የሰማንያ ዓመት እናት «ቱ በዪኝ» ሲሉኝ አፌ እምቢ አለኝ። እስካሁን ‹ቩ› እላቸዋለሁ፤ ለምደውልኛል።

ክፍል ውስጥ የተማራችሁትና ሥራ ቦታ የምትሰሙት እንደማይገጥም አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እኔን የነገረኝ ስላልነበረ። ‹ዠ ቬ› ተምሬ ስገባ ሰዉ «ዥ ቫ» ይላል። የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር። አልተሳሳቱም፤ ኩቤክ ውስጥ በዕለት ንግግር እንዲህ ነው የሚባለው። «ማ ፌር ሳ» የሚልም ትሰማላችሁ፤ «ላደርገው ነው» ማለት ነው፣ ‹ማ› የ«ዠ ቬ» ምትክ ነው። «ሳ ቫ ቱ?» ሲሉ ደግሞ ያ ‹ቱ› «አንተ» አይደለም፣ የጥያቄ ምልክት ነው፤ እኛ መጨረሻ ላይ «ወይ» እንደምንለው። ጆሯችሁ ይልመደው። ፈተና ላይ ግን ‹ዠ ቬ› ጻፉ።

ከሁሉም በላይ መንገድ ያሳጠረልኝን አቆይቼው ነበር። «ልሄድ ነው» እንላለን አይደል? «ልበላ ነው፣ ልተኛ ነው፣ ልወጣ ነው።» ይህ በሁለቱም ቋንቋ በ«መሄድ» ነው የሚሠራው። «ልበላ ነው» ማለት «አይ አም ጎኢንግ ቱ ኢት»፣ «ዠ ቬ ማንዤ»። ከ‹ቬ› ኋላ ያለው ግሥ አይረባም፣ ከነስሙ ይቀመጣል። የወደፊቱን ሠንጠረዥ ገና ያላጠና ሰው በእነዚያ አራት የ‹ቫ› ቤት ቃላትና በ‹አሎን፣ አሌ› የነገውን ሁሉ መናገር ይችላል። «ሊታጠቡ ነው»፣ «ልናወርዳቸው ነው»፣ «ሐኪሙ ሊመጣ ነው»፤ የሥራ ቀኔ ግማሽ በዚህ ነው የሚያልቀው። «ልሄድ ነበር» ሲሆን ደግሞ «ነው» ወደ «ነበር» እንደሚዞር ሁሉ ‹ቬ› ወደ ‹ዣሌ› ይዞራል። «ዣሌ ፓርቲር»፣ ልወጣ ነበር። «አይ ዎዝ ጎኢንግ ቱ ሊቭ።» ሦስቱም ቋንቋ በአንድ መንገድ ሲሄዱ ያየሁበት ቦታ ይህ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ከዚህ ጀምሩ።

‹አል፣ ቫ፣ ኢር› ካልኩ በኋላ አንድ መልክ ቀርቷል። «መሄድ አለብኝ» ለማለት «ኢል ፎ ከ ዣይ» ይባላል። ‹አይ› የ‹አል› ቤት ነው፣ ግን መልኩን ለውጧል። «ሊሄዱ ይገባል» ሲሆን «ኪል ዛይ»፤ በ«እኛ» ላይ ወደ ‹አልዮን› ይመለሳል። ሰዎች ይህን ይፈሩታል። የድሮ የአማርኛ ሰዋስው የተማረ ሰው ግን ‹ዘንድ አንቀጽ›ን ያውቃል፤ «እሄድ ዘንድ»፣ «ይሄዱ ዘንድ»። ያው ነው። ‹ከ› የምትለዋ ቃል «ዘንድ» ናት። «እሄድ ዘንድ ግድ ነው» ብላችሁ ቀይሩት፣ የት ቦታ እንደሚገባ ወዲያው ይታያችኋል። ‹ኢል አላ› እና ‹ኢል ዛሌር› የሚሉ ደግሞ የልጆች ተረት መጽሐፍ ላይ ታገኛላችሁ፤ «ሄደ»፣ «ሄዱ» ናቸው። አንብባችሁ እለፏቸው፣ በንግግር አያስፈልጓችሁም።

‹ዣይ›ን አስቤው ሳይሆን እንዲሁ ከአፌ የወጣበትን ቀን አስታውሳለሁ። ክረምት ነው፣ የማታ ፈረቃ ሊገባ ነው። ካፖርቴን ለብሼ የልብስ ሣጥኔን ስቆልፍ እኚያ የሄይቲዋ ባልደረባዬ ሻይ አቅርበውልኝ ተቀመጪ አሉኝ። ልጄን ከመዋያ ማውጫ ሰዓቴ ደርሷል። «ኢል ፎ ከ ዣይ ሼርሼ ማ ፊይ» አልኳቸው፤ ልጄን ላመጣት መሄድ አለብኝ። ከነቦታው ከነምክንያቱ። ፈገግ አሉ። መሐረቤን አንገቴ ላይ አጠበቁልኝና «አሌ፣ ቫ ዚ!» ብለው በሩን ከፈቱልኝ።